«ቆንጆ ነው» ካልን በኋላስ? ግጥም እንዴት ይተቻል? (ጥያቄ ከኮምቦልቻ)

የቦርከና ልጅ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝባት ትንሽ የንባብ ቡድን አለችን። አብዛኞቻችን ፋብሪካና ሱቅ ውለን የምንመጣ ነን። ሥነ ጽሑፍ በወጉ የተማረ በመካከላችን የለም። ባለፈው አንዷ አባላችን አራት ስንኝ ጽፋ አነበበችልን። ሁላችንም «ቆንጆ ነው» አልን። እሷ ግን «ሙገሳውን ተዉትና ተቹልኝ» አለች። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሂስ የማቅረቡ ዕጣ እኔ ላይ ወጣ።

ግጥሙን በፈቃዷ ይኸው፦

ጉም ለብሳ ብታድር ደሴ በክረምቱ፣
ጦሳ አልታይ አለኝ ወዴት ነው አናቱ።
ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ብገባ፣
ፀሐይ ተቀበለኝ ዓይኔ ግን አነባ።

ዘይቤ፣ ጭብጥ፣ መቼት የሚሉትን ቃላት ከትምህርት ቤት አስታውሳቸዋለሁ። ለፈተና ሸምድጃቸዋለሁ። ግጥሙ ፊት ስቀመጥ ግን በየትኛው እንደምጀምር ግራ ይገባኛል። ደግሞስ ገጣሚዋን «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» ብዬ ልጠይቃት ወይስ ሳልጠይቅ ላንብብ? ቡድናችን ወደፊት አጭር ድራማ የመሥራት ሐሳብም አለው። ለግጥም የሚያገለግለው ነገር ለድራማም ያገለግል እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የድሮ መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። ለልጅቷም ምስጋናዬን አድርስልኝ። «ተቹልኝ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ከትርጉሙ አትጀምር። ከጆሮህ ጀምር። ጮክ ብለህ አንብበው፤ ጠረጴዛውን በጣትህ እየመታህ ቀለሞቹን ቁጠር። ቀለም የምንለው አንድ ትንፋሽ የሚወስደውን የድምፅ ክፍል ነው። «ጉም - ለብ - ሳ - ብት - ታ - ድር»። ስድስት። «ደ - ሴ - በ - ክ - ረም - ቱ»። ስድስት። እያንዳንዱ ስንኝ በሁለት ሐረግ ተከፍሎ ስድስት ስድስት ቀለም ይዟል። ይህ የወል ቤት ይባላል። በአማርኛ ግጥም ውስጥ በጣም የተለመደው አመታት፣ ማለትም የምት ዓይነት፣ ነው። አምስት አምስት ቢሆን ሰንጎ መገን እንለው ነበር። አራት አራት ቢሆን ደግሞ የሆያ ሆዬው አመታት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስምንት ስምንት እያደረገ ስለጻፈ ያ አመታት «የጸጋዬ ቤት» እየተባለ ይጠራል።

ስትቆጥር የፊደሉን ብዛት አትመልከት። የምትቆጥረው ድምፅ ነው። «ወርጄ» ሦስት ፊደል ነው፤ ጠበቅ አድርገህ ስታነበውም ሦስት ቀለም ነው፤ «ወ - ርጅ - ጄ»። «ፀሐይ» ግን ሦስት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም ነው። ይህን ጆሮህ ያውቀዋል፣ እመነው።

ቀጥሎ ቤት መምቻውን፣ ስንኞቹ የሚያልቁበትን ድምፅ፣ ተመልከት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች በ«ቱ» ይመታሉ። ሁለቱ ኋለኞች በ«ባ»። ቤቱ የተለወጠው የት ላይ ነው? ልጅቷ ከደሴ ተነሥታ የሐረጎ ቁልቁለትን ስትወርድ። አገሩ ሲለወጥ ድምፁም ተለወጠ። አስባበት ይሁን በደመ ነፍስ አላውቅም፣ ግድም የለኝም። ገጹ ላይ አለ፣ ጆሮ ይሰማዋል። ይህን ብቻ ብታሳይ ሂስህ ተጀመረ።

ከዚያ ወደ ዘይቤው ሂድ። «ጉም ለብሳ ብታድር ደሴ» ስትል ከተማዋን ሴት አድርጋታለች። ይህ ሰውኛ ነው። ነገር ግን «ሰውኛ አለ» ብለህ ካለፍክ ስም ጠራህ እንጂ አልተቸህም። ምን አመጣ? ብለህ ጠይቅ። ደሴ ሴት ከሆነች ጉሙ ጋቢዋ ነው፤ የሸፈናት የክረምቱ ብርድ ነው፣ እሷም ተሸፍና አደረች። ስለዚህ አለመታየቱ በመጀመሪያው ስንኝ ክፉ ነገር አይደለም። የሚያሳስበው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው፤ ጦሳ የሚያህል ተራራ ጠፋ።

አሁን አራተኛውን ስንኝ ከሁለተኛው ጋር አስተያይ። ደሴ ላይ ጉም ስላለ አይታይም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ወጥቷል፤ ሁሉ ነገር መታየት ነበረበት። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል። መጋረጃው ከተራራው ላይ ተነሥቶ ዓይኗ ላይ ወረደ። ይህን በቃል አልተናገረችም፤ በአቀማመጥ ነው ያደረገችው። በግጥሙ ሁሉ «ግን» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። የመጣበት ቦታ የመጨረሻው ሐረግ ነው። እዚያ ላይ ቁም።

ሰኞ ገበያ

መምህር፣ አክባሪዎ ነኝ። ግን መልእክቱ የት ሄደ? እኛ ስንማር የመጀመሪያው ጥያቄ «የግጥሙ ጭብጥ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ቀለም ቆጥረን ብንጨርስ ግጥሙ ምን እንዳለ ካላወቅን ምን ይጠቅማል?

የድሮ መምህር (ደሴ)

ወንድሜ፣ ጭብጥ ይቅር አላልኩም። የሚመጣው ግን በመጨረሻ ነው። በመጀመሪያ ሲጠየቅ ተማሪው «ጭብጡ ናፍቆት ነው» ይልና ይቀመጣል። ናፍቆት ርዕሰ ጉዳይ ነው። ስለ ናፍቆት የተጻፈ ግጥም በወሎ ምድር ስንት አለ? ሁሉም አንድ ናቸው እንዴ? ጭብጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ሲነገር ነው ጭብጥ የሚሆነው። ለዚህ ግጥም እኔ እንዲህ እላለሁ፤ «ከቦታ መሸሽ ይቻላል፣ ያስከፋን ነገር ግን አብሮን ይወርዳል።» ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል። ከስንኞቹ ማስረጃ እስካመጣ ድረስ እሰማዋለሁ።

ዘይቤ ፈላጊ

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ እየተማርኩ ነው። አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ።

የምጨምረው ነገር፦ በግጥሙ ውስጥ «እኔ» እንዴት እንደሚመጣ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ የለችም፤ ደሴ ብቻ ናት። በሁለተኛው «አልታይ አለኝ» ላይ በ«ኝ» ገባች፤ እዚያም የሚደረግባት እንጂ የምታደርግ አይደለችም። በሦስተኛው «ወርጄ»፣ «ብገባ» ትላለች። አሁን ራሷ ትንቀሳቀሳለች። በአራተኛው እንደገና «ተቀበለኝ» ሆነ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያለቀሰችው እሷ አይደለችም። ያነባው ዓይኗ ነው። «አለቀስኩ» ብትል ኖሮ ውሳኔው የሷ ይሆን ነበር። «ዓይኔ አነባ» ስትል ግን እሷ ሳታዝዝ ሰውነቷ ያደረገው ነገር ነው። እኔ ግጥሙ ውስጥ የበለጠ የነካኝ ይሄ ነው።

ገጣሚዋን ልጠይቅ ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ ሳትጠይቅ አንብብ። አይ.ኤ. ሪቻርድስ የሚባል የካምብሪጅ መምህር ለተማሪዎቹ የደራሲውን ስም ሰውሮ ግጥሞች እየሰጠ አስተያየታቸውን ይሰበስብ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ አወጣው። ብዙዎቹ በስም ያደንቋቸው የነበሩትን ገጣሚዎች ስሙ ሲጠፋ አጣጣሉ፤ ተራ የሚባለውን አሞገሱ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ የደራሲው ሐሳብ ለሥራው መለኪያ መሆን የለበትም ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸው ቀላል ነው። ሐሳቡ ግጥሙ ውስጥ ከገባ እዚያው ይገኛል። ካልገባ ደግሞ ደራሲው በቃሉ ቢነግረን ግጥሙን አያሻሽለውም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ዕለት ወረቀቱን ያለ ስም አድላቸው። ሁሉም ያየውን ይናገር። ገጣሚዋ መጨረሻ ላይ ትናገር።

ድቤ መቺ (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ ዐለይኩም ጀማዐ። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም።

ያደግሁት መንዙማ በሚባልበት ቤት ነው። የወሎ መንዙማ ግጥም ነው፤ ማንም አይክደውም። አማርኛውና ዐረብኛው እየተቀያየረ ይሄዳል። ዑለማዎቻችን አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል በአጀሚ እየጻፉ አቆይተውልናል። አሁን አንዱን መንዙማ ወስዳችሁ ስሙን ሰውራችሁ ያለ ድቤ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ያለ ተቀባይ በወረቀት ላይ ብታነቡት ምን ታገኛላችሁ? ግማሹን። መሪው አንድ አንጓ ያወጣል፤ ሕዝቡ አዝማቹን ይቀበላል። አዝማቹ በወረቀት ላይ ያው ነው፤ አሥር ጊዜ ቢጻፍ አሥር ጊዜ አንድ ነው። በጆሮ ግን አንድ አይደለም። በመካከል መሪው የተናገረው ነገር አዝማቹን ይለውጠዋል። መጀመሪያ ሰላምታ የነበረው ቃል በኋላ ልመና ይሆናል፣ ከዚያ ምስጋና ይሆናል።

ደግሞ መንዙማ ለነቢዩ ውዳሴ፣ ለአላህ ልመና ነው። ይህን ሐሳብ ከላዩ ላይ አንሥቶ «ቃሉን ብቻ እንይ» ማለት ሥራውን መንቀል ነው። ማን አለው? ለማን አለው? የት ተባለ? እነዚህ ጥያቄዎች ከግጥሙ ውጭ አይደሉም።

ዘይቤ ፈላጊ

ወዐለይኩም ሰላም። ወንድምዓለም፣ ያልከውን አነበብኩት፤ ብዙውን እቀበላለሁ። ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው። መንዙማ ውዳሴ መሆኑን፣ ተቀባይ እንዳለው፣ በጀማዐ እንደሚባል አድማጩ ሁሉ ያውቃል። ይህ የሥራው ዓይነት ነው፤ ሳያውቁት ማንበብ አይቻልም። ሁለተኛው በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ብቻ ያለ ሐሳብ ነው። «ይህን ስንኝ ስጽፍ እገሌን እያሰብኩ ነበር» የሚለው ዓይነት። እኔ መለኪያ አይሁን ያልኩት ይህን ሁለተኛውን ነው። አንተ የተከላከልክለት የመጀመሪያው ነው።

የአዝማቹን ነገር ግን ለትምህርቴ እወስደዋለሁ። ድግግሞሽ ማለት ያንኑ ነገር መልሶ ማለት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ድቤ መቺ (ኮምቦልቻ)

በዚህ ከሆነ ተግባብተናል። ግን በወረቀት ያነበበ ሰው ግማሹን እንዳላገኘ ይናገር። ይህን ብቻ ነው የምለው።

የአምባሰል ነገር

ሰምና ወርቁስ? ግጥም ሲባል መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ አይደል? እኔ «አነባ» የሚለው ላይ ወርቅ ያለ ይመስለኛል። አነባ ከንባብ ጋር ይሄድ ይሆን?

የድሮ መምህር (ደሴ)

እታለም ወይስ ወንድሜ፣ በስምህ አልለየሁህም፣ ይቅርታ። እዚህ ግጥም ውስጥ ሰምና ወርቅ የለም። መኖርም የለበትም። ሰምና ወርቅ አንድ ዓይነት አሠራር ነው። አንድ ቃል ወይም ሐረግ ኅብረ ቃል ሆኖ ሁለት ፍቺ ይሸከማል፤ አንዱ ፊት ለፊት የሚሰማው፣ ሌላው የተሸሸገው። ለማሳያ ይቺን አሁን ገጠምኳት፦

ደጁ የማልደርሰው ደሃ ነኝ እያልሁ፣
አይጠየፍ መሆኑን ገና ዛሬ አየሁ።

ኅብረ ቃሉ «አይጠየፍ» ነው። ሰሙ እዚሁ ደሴ ያለው ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ተናጋሪው የመጣበት ቤት አይጠየፍ መሆኑን ዛሬ አወቀ። ወርቁ ደግሞ ሰውየው ደሃ የማይጸየፍ መሆኑ ነው። ሁለቱም ፍቺ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለ ችግር መቆም አለበት። አንዱ ከተንገዳገደ ኅብረ ቃል አይባልም። «አነባ»ን በንባብ ብትፈታው «ፀሐይ ተቀበለኝ፣ ዓይኔ ግን አነበበ» ይሆናል። «ግን» የሚለው ቃል ሥራ ያጣል። ቃሉም ተጎትቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አይቆምም። ወርቅ በሌለበት መቆፈር ያለውን ነገር እንዳናይ ያደርገናል።

ሸዋ በር

ሁላችሁም አመሰገናችሁ። ሂስ ከተባለ ድክመቱም ይነገር እንጂ። እኔ ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ወዴት ነው አናቱ» የሚለው ለቤት መምቻ ተብሎ የገባ ይመስለኛል። «ጦሳ አልታይ አለኝ» ሲባል ነገሩ አልቋል። «አናቱ» ምን ጨመረ? ሙሉ ተራራው ጠፍቶ ሳለ ስለ አናቱ ብቻ መጠየቅ ደግሞ ነገሩን ያሳንሰዋል።

የቦርከና ልጅ

ሸዋ በር፣ እውነትም ይሄን አላየሁትም ነበር። እጽፈዋለሁ።

የሽማግሌ ልጅ

እስካሁን ስለ ንግግር ጥበብ የተናገረ የለም። ለጥያቄህ ግን በጣም ያስፈልግሃል። ምክንያቱም ቅዳሜ ሂስህን ስታቀርብ ንግግር እያደረግህ ነው።

አርስቶትል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ፣ ንግግርን በሦስት ይከፍለዋል። ሸንጎ ላይ የሚደረገው ስላለፈው ነው፤ ማን በደለ፣ ማን ተበደለ። ምክር ቤት ውስጥ የሚደረገው ስለሚመጣው ነው፤ ምን እናድርግ። በዓል ላይ የሚደረገው ስላለው ነው፤ ማን ይመስገን፣ ማን ይነቀፍ። እኔ ይህን ሳነብ የመጣብኝ የአገራችን ሰው ነው። አበጋር (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ) ፊት ሁለት የተጣሉ ወገኖች ሲቀርቡ መጀመሪያ ስላለፈው ይነገራል። ደሙ እንዴት ፈሰሰ፣ ማን ጀመረው። ከዚያ አዋቂ ሽማግሌ ንግግሩን ቀስ ብሎ ወደሚመጣው ያዞረዋል። ልጆቻችሁ በአንድ ወንዝ ውኃ ይቀዳሉ፣ ገበያችሁ አንድ ነው፣ ነገ እንዴት ትኖራላችሁ? ዕርቁ ሲፈጸም ምርቃት ይመጣል። ምርቃቱ ለዛሬው ነው። ሦስቱም ዓይነት ንግግር በአንድ ጥላ ሥር በአንድ ቀን ይሰማል። በእኔ እምነት ትልቁ ጥበብ ካለፈው ወደሚመጣው የሚዞሩባት ቅጽበት ላይ ነው። ቀድሞ የዞረ ሽማግሌ የተበደለውን ያስከፋል። የዘገየ ደግሞ ቂሙን ያሞቀዋል።

አርስቶትል ማሳመኛ መንገዶችንም ሦስት ያደርጋቸዋል። የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የአድማጩ ስሜት፣ የነገሩ አመክንዮ። በግሪክኛ ኢቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ ይባላሉ። እዚህ ላይ ግን ከእኛ ጋር ይለያያል። እሱ ተአማኒነቱ ከንግግሩ ራሱ መገኘት አለበት ይላል፤ ሰውየው አስቀድሞ ካለው ዝና አይደለም። እኛ ዘንድ ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ነው የሚታመነው። የአባቱ ስም፣ የኖረበት ኑሮ፣ ከዚህ በፊት ያስታረቃቸው ሰዎች ቀድመውት ይደርሳሉ። የትኛው ይሻላል? እኔ ሁለቱም አንድ ላይ ቢሆኑ እመርጣለሁ። ስም ብቻ ያለው ሽማግሌ ሲሳሳት የሚያርመው ያጣል።

አንተ ግን ቡድናችሁ ውስጥ የሃያሲ ስም የለህም። ስለዚህ እምነቱን ከንግግርህ ማግኘት አለብህ። «እኔ እንደሚመስለኝ» እያልክ ብቻ አትሂድ። ስንኙን ጥቀስ፣ ያየኸውን አሳይ፣ ከዚያ ፍረድ። ድክመቱን ከመናገርህ በፊት የሠራውን በትክክል እንዳየህ ካሳየሃት ልጅቷ ድክመቱንም ትሰማሃለች።

መጋረጃ (ደሴ)

የድራማውን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ። ደሴ ውስጥ ከአማተር የቲያትር ልጆች ጋር ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ።

አጭር መልስ፦ ከግጥሙ የተማርከው ሁሉ ይጠቅምሃል፤ ግን አይበቃህም። ግጥም ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻውን «ዓይኔ አነባ» ቢል ይሆናል። መድረክ ላይ አንዲት ልጅ ወጥታ «አዝኛለሁ» ብትል ተመልካቹ «እና?» ይላል። ድራማ ፍላጎት ይፈልጋል። አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው ወይም ሌላ ነገር ይከለክለዋል። ግጭት የምንለው ይህን ነው። ጩኸትና ድብድብ ብቻ ግጭት የሚመስላቸው ጀማሪዎች ብዙ አጋጥመውኛል።

አርስቶትል የትራጄዲ (የአሳዛኝ ድራማ) ክፍሎች ስድስት ናቸው ይላል። ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሐሳብ፣ የቃላት አመራረጥ፣ ዜማና ለዓይን የሚታየው ነገር። ቀዳሚው ሴራ ነው፤ የትራጄዲ ነፍስ ነው ይለዋል። ለዓይን የሚታየውን መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል። እኛ አገር አማተር ቡድን መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ልብስና ስለ መብራት ነው። ገንዘቡ እዚያ ያልቃል። እናንተ ከሴራው ጀምሩ። ሴራ ማለት ክስተት መደርደር አይደለም። አንዱ ክስተት ሌላውን መውለድ አለበት። «ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያ ዘነበ» ሴራ አይሆንም።

እስቲ የልጅቷን ግጥም ወደ መድረክ እናምጣው። ቦታው የደሴ መናኸሪያ፣ ክረምት፣ ማለዳ፣ ጉም። እህት ወደ ኮምቦልቻ ልትሄድ ነው፤ ፋብሪካ ሥራ አግኝታለች። እናት ልትሸኛት መጥታለች። እናት እንድትቀር ትፈልጋለች፣ ግን «ቅሪ» ማለት አትችልም፤ ደመወዙ ያስፈልጋል። ልጅቷ መሄድ አትፈልግም፣ ግን እናቷን ላለማስጨነቅ የደስተኛ መልክ ይዛለች። አሁን ምን ያወራሉ? ስለ ብርዱ። ስለ ጋቢ። «ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ጋቢ ምን ይሠራልኛል?» «ያዢው፣ ማታ ማታ ይበርዳል።» ስለ መለያየት አንድ ቃል አልተናገሩም። ተመልካቹ ግን የጋቢው ክርክር ስለ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጎበዝ ተዋናይ የሚጫወተው ከቃሉ በታች ያለውን ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። እናትየው ትናንት ሐኪም ቤት ሄዳ የሰማችው ነገር አለ እንበል። ተመልካቹ በመጀመሪያው ትዕይንት አይቷል፤ ልጅቷ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ልጅቷ «ለመስቀል እመጣለሁ፣ ምን ላምጣልሽ?» ስትል እያንዳንዱ ቃል ይከብዳል። ተመልካቹ ያውቃል፣ ባለጉዳይዋ አታውቅም። ኤዲፐስ ንጉሥን የሚያህል የጥንት ግሪክ ትራጄዲ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየው በዚህ አሠራር ነው። ተመልካቹ ኤዲፐስ የሚፈልገው ገዳይ ራሱ መሆኑን እያወቀ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ፍለጋው በበረታ ቁጥር ወደ ራሱ ይቀርባል። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም የወደቀው። እውነቱን ለማግኘት ያለው ግትርነት፣ ሌላ ጊዜ የሚመሰገንበት ጠባይ፣ እሱ ነው ያወደቀው።

ገቢርና ትዕይንት መክፈሉ አያስጨንቃችሁ። ለአጭር ድራማ አንድ ገቢር፣ ሁለት ወይም ሦስት ትዕይንት ይበቃል። ቦታ ወይም ጊዜ ሲለወጥ ትዕይንቱ ይለወጣል። ጽሑፉ ሲያልቅ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አታንብቡት፤ ተነሥታችሁ ልምምድ አድርጉበት። ተዋናይ አፍ ላይ የማይቀመጥ ዓረፍተ ነገር በወረቀት አያስታውቅም።

ሰኞ ገበያ

መጋረጃ፣ የጋቢዋ ነገር አንጀቴን በላችው። ጻፈውና አሳዩን።

የቦርከና ልጅ

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ለቅዳሜ የጻፍኩት ይህን ይመስላል። እባካችሁ እዩልኝ።

«ግጥሙ በወል ቤት የተጻፈ ውብ ሥራ ነው። ሁለት ሁለት ስንኝ እየሆነ ይከፈላል። የመጀመሪያው ጥንድ ደሴ ነው፤ ሁለተኛው ኮምቦልቻ። ቦታው ሲለወጥ ቤት መምቻውም ከቱ ወደ ባ ይለወጣል። በሁለቱም ቦታ ማየት የተከለከለ ነው። ደሴ ላይ ጉሙ ይከለክላል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ናት፤ ፀሐይም አለ፤ ግን እንባዋ እንደ ጉም ሆኖ ይከለክላታል። ተናጋሪዋ ስለ ምን እንደምታለቅስ አይነገረንም። ይህ ጥልቅ ነው። ያነባው ዓይኗ ነው እንጂ እሷ አይደለችም፤ ሐዘኑን ልታዝዘው አልቻለችም። የሁለተኛው ስንኝ ሁለተኛ ሐረግ ግን ደካማ ነው፤ ለቤት መምቻ የገባ ይመስላል።»

የድሮ መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ ተሳክቶልሃል። ጥቂት ላርምልህ።

«ውብ» እና «ጥልቅ» የሚሉትን አውጣ። ያሳየኸው ነገር ካሳመነ አድማጩ ራሱ ይላቸዋል። «እንባዋ እንደ ጉም ሆኖ» አትበል፤ እሷ እንዲህ አላለችም። አነጻጻሪውን ያመጣኸው አንተ ነህ። «ጉሙ የነበረበትን ቦታ እንባ ያዘው» በል፤ የአቀማመጡ ነገር ይቀራል። ስለማይነገረው ምክንያት ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምር። አለመነገሩ ምን ያደርጋል? አንባቢው የራሱን ሰው ያስገባበታል። እኔ ሳነበው ያስገባሁት ሰው አለ።

ድክመቱ ላይ «ይመስላል» ብለህ አትሽሽ። ምክንያቱን ስጥ። ሸዋ በር የሰጠው ምክንያት ጥሩ ነው።

ጉም ለባሿ

ገጣሚዋ እኔ ነኝ። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ምን ለማለት እንደፈለግሁ አልናገርም፤ በዘይቤ ፈላጊ ተስማምቻለሁ። ሸዋ በር ያልከው ግን ገብቶኛል። ሌላ አማራጭ ሞከርኩ፦

ጉም ለብሳ ብታድር ደሴ በክረምቱ፣
ጦሳ አልታይ አለኝ ከነመሠረቱ።

የትኛው ይሻላል? ቀለሙ አልጎደለም፣ ቆጥሬዋለሁ።

ሸዋ በር

ሁለተኛው! ምንም ጥርጥር የለውም። ተራራው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። «መሠረቱ» የሚለው ቃል ደግሞ ከተራራው አልፎ ስለ ሰው ኑሮም ያሳስባል። እህቴ፣ ተባረኪ።

ዘይቤ ፈላጊ

እኔም ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ቤት መምቻውም ከበፊቱ የተለየ ስሜት አለው።

የድሮ መምህር (ደሴ)

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ምክንያቴን ልናገር። «ከነመሠረቱ» ስትዪ ነገሩን ዘጋሽው። ተራራው ጠፋ፣ አለቀ። «ወዴት ነው አናቱ» ስትዪ ግን ዓይንሽ አሁንም እየፈለገ ነው። ተራራን የሚፈልግ ሰው ቀና ብሎ አናቱን ነው የሚፈልገው። ያ የሚፈልግ ዓይን ነው በአራተኛው ስንኝ የሚያነባው። ጥያቄውን ካወጣሽው ዓይኑ ከየት መጣ ይባላል። «መሠረቱ» ጠንካራ ቃል መሆኑን አልክድም። ግን ጥንካሬው ከራሱ ስንኝ አልፎ ለግጥሙ አይሠራም። ሁለቱንም ቅዳሜ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ አራቱንም ስንኝ ሙሉ አድርገሽ፣ ሁለተኛውን ስንኝ ብቻ እየቀየርሽ። የት ላይ ዝም እንደሚሉ ልብ በዪ።